አዴ መኪያና የሃና አውቶቡስ

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ከጃፓን ነው። በኢንተርኔት መጽሔት የሚሸጠው መደብር በየወሩ እንደሚያደርገው ለአዴ መኪያ መልእክት ልኳል፦ «መኪያ ሳማ፣ የሚጠብቁት መጽሔት አዲስ እትም ወጥቷል።» ሳማ በጃፓንኛ ከአንቱም በላይ ያለ አንቱ ነው፤ ለደንበኛ እንዲያ ይላሉ። መልእክቱ ወደ እኔ የሚመጣው እሷ ኢሜይል ስላልነበራት በእኔ አድራሻ ስለተመዘገበች ነው። መደብሩ መኪያ ሳማ ዘንድሮ ገብስ ሳይታጨድ መሞቷን አያውቅም። የነገረው የለም፤ እኔም ልነግረው አላሰብኩም።

እኛን ግን አንቱ እንዳንላት ከልክላን ነበር። የተዋወቅን ቀን፣ እናቴን የምታህል ሴት ስለሆነች፣ «እንደምን አደሩ» አልኳት። የነከሰችውን ስፒል ከከንፈሯ አወጣች።

«ያ ጉርባ፣ አንቱ ስትለኝ የተገነዝኩ ይመስለኛል። አንቺ በለኝ። አዴን ከፊት ካስቀደምክልኝ ይበቃኛል።»

ያ ጉርባ «አንተ ልጅ» ነው፤ አዴ ደግሞ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው። ከዚያን ቀን ወዲያ አዴ መኪያ፣ አንቺ፣ ሆና ቀረች። የጃፓኑ መደብር ሳማ ሲላት ግን ደስ ይላት ነበር። እነሱ ይበሉኝ፣ ከሩቅ የመጣ አንቱ አያስረጅም ትል ነበር።

ልብስ ሰፊ ነበረች። ሱቋ አሰላ ውስጥ ከገበያው ወደ ላይ በሚወጣው ዳገት ላይ ናት፤ ከእኔ የሞባይል ጥገና ጋር አንድ የጣውላ ግድግዳ ትጋራለች። ረጅም፣ ደረቅ ያለች ሴት ነበረች፣ ሜትሯን እንደ ሻርፕ አንገቷ ላይ ጥላ የምትውል። ስፒል ነክሳ ታወራለች፣ ስፒል ነክሳ ትስቃለች፣ ስፒል ነክሳ ትሳደባለች። ሰው ሲገባ ፊቱን ከማየቷ በፊት ትከሻውን ነው የምታየው። የእኔን አንዴ አየችና፣ ግራው ወርዷል፣ ስልክ የምታወራው በሱ ነው አለችኝ። እውነቷን ነበር።

ግጥም እጽፍ እንደነበር ስታውቅ ካላነበብክልኝ አለች። የተሰበረ ስልክ ፈትቼ በተቀመጥኩበት፣ በብሎን ማስቀመጫው ካርቶን ጀርባ ላይ የጻፍኩትን ሁሉ አነበብኩላት። ሰማችና የሰፋችውን ኮት አንስታ አሳየችኝ።

«ግጥምህ ላይ ቁልፉ በዝቷል። ቀዳዳው የታለ?»

ለሳምንት አኮረፍኳት። አሁን ግን አንድ መስመር በጻፍኩ ቁጥር ቀዳዳውን እፈልጋለሁ።

ማሽኗ በእግር የሚረገጥ አሮጌ ነበር። የፔዳሉ ድምፅ ግድግዳውን አልፎ ወደ እኔ ይመጣል፤ ጥክ ጥክ ጥክ። እያወራች ትረግጣለች፣ እያዜመች ትረግጣለች። እግሯ የሚቆመው ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር፤ ክር ስትቀጥልና ጃፓንኛ ስታነብ።

ጃፓንኛውን ያመጣባት ሰው አኪኮ ትባላለች። ከዓመታት በፊት ሒሳብ ልታስተምር በበጎ ፈቃድ ወደ አሰላ የመጣች ወጣት ናት፤ የአዴ መኪያን ግቢ አንዷን ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። የሰፈር ልጆች «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ሲከተሏት አዴ መኪያ ሜትሯን እየወነጨፈች ታባርራቸዋለች፤ ስድቡ እንኳ ይስተካከል፣ ጃፓን በሏት ትላቸዋለች። የአኪኮ እናት ከአገር ቤት ጥቅል ትልክላት ነበር። ከጥቅሉ ውስጥ የማይጠፋው ማንጋ የሚሉት የሥዕል ታሪክ የታተመበት መጽሔት ነው፤ እንደ ጡብ የወፈረ፣ ወረቀቱ ሻካራ፣ አንዳንዱ ገጽ ሐምራዊ አንዳንዱ ወደ ቢጫ የሚያደላ። በአንድ መጽሔት ውስጥ ብዙ ታሪክ አለ፤ እያንዳንዱ ልብ የሚሰቀልበት ላይ ሲደርስ ይቆምና ወር ያስጠብቃል።

አዴ መኪያ በሥዕሉ ጀመረች። ቀጥላ ፊደሉን ካላሳየሽኝ አለች። ጃፓኖች ከቻይና የተዋሱት፣ እንደ ተተበተበ ክር ያለ ትልቅ ፊደል አላቸው፤ እሱን ለመማር ዕድሜ ይጠይቃል። ግን ለልጆች ሲባል በጎኑ ትንንሽ ፊደል ይጻፍለታል፣ ልክ እንደ ሀሁ የሚሄድ፦ ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ። አዴ መኪያ ያቺን ለልጆች የተተወች ቀዳዳ አገኘችና በሷ ሾልካ ገባች። የኛ ሀሁ ዘመድ ነው፣ ችግር ሲበዛባቸው ሰባቱን አምስት አድርገውታል እያለች ለሰው ሁሉ ታስረዳለች።

ጃፓንኛዋ ሙሉ ነበር ብዬ አልዋሽም። ግማሹን ታነባለች፣ ሩቡን ከሥዕሉ ትገምታለች፣ የቀረውን ከራሷ ትጨምራለች። አልገባኝም ብላ ግን ቆማ አታውቅም።

አንድ ነገር ከሁላችን ይቀላት ነበር። የጃፓን መጽሔት ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው። እሷ ልጅነቷን ቁርአን ቤት ስላሳለፈች ዓይኗ ራሱ ወደዚያ ይሄዳል። በሀሁ ያደግን ሰዎች ግን ጉድ እንሆናለን። እኔ የመጀመሪያውን ገጽ ሳነብ በቅድሚያ ጉንጩን የያዘ ሰው አየሁ፣ ቀጥሎ ጥፊውን፣ መጨረሻ ላይ የተጣሉበትን ምክንያት። አዴ መኪያ ከት ብላ ሳቀችና ጣቴን ይዛ በቀኝ በኩል አስቀመጠችው። ሱቋ የሚገባውን ሁሉ እንዲህ ጣቱን ይዛ ታስተምር ነበር። ያላስተማረችው አንድ ሰው ብቻ ነው። ወደሱ እመጣለሁ።

አኪኮ ወደ አገሯ ስትመለስ መጽሔቶቹን ለአዴ መኪያ ተወችላት። መጨረሻ ገደማ በመጡት ውስጥ አንድ አዲስ ታሪክ ጀምሮ ነበር። ሃና የምትባል ሴት ተራራ ላይ ወዳለ መንደር የምትሄደውን የመጨረሻዋን አውቶቡስ ትነዳለች። በረዶ ነው፣ መንገዱ ገደል ነው፣ ሰዉ መንደሩን እየለቀቀ ነው። ሺንጂ የሚባል ወንድም አላት። አውቶቡሱ ውስጥ ከኋላ አንድ ወንበር አለ፤ ሃና ትራስ አድርጋበት ማንንም አታስቀምጥበትም። ታሪኩ ጥቂት እንደሄደ አኪኮ ሄደች፤ መጽሔቱም በዚያው ቀረ።

አርሲ ውስጥ ከሩቅ የመጣ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም። ኦዱ ይጠየቃል። ኦዱን ወሬ ብዬ ብተረጉመው ያንስበታል፤ ወግ ያለው ወሬ ነው። እንግዳው ከቤቱ ከወጣበት ጀምሮ ዝናቡን፣ ከብቱን፣ የወለደችውን፣ የሞተውን፣ መንገድ ላይ ያገኘውን በተራ በተራ ይናገራል። አድማጩ በየመሃሉ «ኤ» እያለ ይቀበለዋል። ከመሃል አይጀመርም። አዴ መኪያ የሃናን ታሪክ የምታወራው እንዲህ ነበር፣ ከጃፓን ትናንት የተመለሰች ይመስል። ሃና ደህና ናት። በረዶው ዘንድሮ በርትቷል። ጎማዋ ተንፍሶባት ጎሚስታ ፍለጋ ሁለት ተራራ ወርዳለች። ኮት ሊያስጠብብ የመጣ ሰው ኮቱን ረስቶ «ኤ» ሲል ይውላል።

ከአድማጮቹ ሁሉ የማይቀሩት እትዬ አስካለ ነበሩ። ከሆሳዕና በኩል መጥተው አሰላ የከረሙ፣ በአዴ መኪያ ሱቅ በረንዳ ላይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የሚሸጡ ሴት ናቸው። እሳቸውን አንቱ ብላቸው ቅር አይላቸውም። ታምራት የሚባለው ልጃቸው እንደ ብዙ የአገራቸው ልጅ ወደ ደቡብ አፍሪካ ወጣ። መጀመሪያ ከሞያሌ ደወለ፣ ቀጥሎ ከናይሮቢ። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ።

አንድ ቀን አዴ መኪያ ክር ልትገዛ ወጣ ስትል እትዬ አስካለ ከመደርደሪያው አንዱን መጽሔት አነሱ። የሃና ታሪክ የሚጀምርበት ነበር። እሳቸው ደግሞ በሀሁ ያደጉ ናቸው፤ ከግራ ጀመሩ። ሻንጣ የያዘ ወጣት ከበረዶው ውስጥ ወጣ። ከአውቶቡሱ ወረደ። የቤቱን በር ከፈተ። እናቱ ፊት፣ ማዕድ ላይ ተቀመጠ። አዴ መኪያ ስትመለስ እትዬ አስካለ በነጠላቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር።

«መኪ፣ ልጁ መጣ እኮ!»

በትክክለኛው መንገድ ሲነበብ ሺንጂ ከማዕድ ተነስቶ፣ በሩን ከፍቶ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ በረዶው ውስጥ ይጠፋል። አዴ መኪያ ይህን ታውቃለች። የእትዬ አስካለን ጣት ይዛ ወደ ቀኝ ልትወስደው ይገባ ነበር። አልወሰደችውም።

«መጣ» አለች።

ከዚያ ወዲያ መመለሻ አልነበራትም። በቀሪዎቹ መጽሔቶች ሥዕል ላይ ሺንጂ የለም። የት ሄደ ሲሏት ተኝቷል፣ መንገድ አድክሞታል አለች። ትራሱስ ሲሏት፣ ሲነሳ የሚቀመጥበት ነው አለች። መጽሔቶቹ ሲያልቁ ደግሞ ከራሷ ቀጠለች። ሺንጂ ተነሳ፣ ሥራ ጀመረ፣ አገባ። ቤት ሠራ፤ ቆርቆሮውን ከዚሁ ከአርሲ፣ ከሁሩታ ገበያ ገዛ ስትል እንኳ የተጠራጠረ አልነበረም። እኔ ጎኗ ሱቅ ስከፍት፣ ሺንጂ ወለደ ወይ ብለው ከመንገድ ማዶ የሚጠይቋት ነበሩ። ይህን ሁሉ ስታወራ ፔዳሉ ይሮጣል፤ ጥክ ጥክ ጥክ። እኔ በግድግዳው በኩል እየሰማሁ የሆነ ዘመዷ ነው ብዬ ነበር።

ነገሩ ሲገባኝ የመጽሔቱን ሽፋን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ፈለግሁት። ተገኘ። ሄጄ ነገርኳት፦ ታሪኩ አልተቋረጠም፣ እስከ ዛሬ በየወሩ ይወጣል፤ ያለፈው ደግሞ በቅጽ በቅጽ ተሰብስቦ ይሸጣል፤ ወረቀት ሳያስፈልግ በታብሌት ይነበባል።

እግሯ ቆመ። ስፒሉን ሁሉ አንድ በአንድ ከከንፈሯ አውጥታ የስፒል መሰኪያ ትራሷ ላይ ሰካች።

«ሺንጂስ ምን ሆነ?»

አላውቅም አልኳት። እትዬ አስካለ በረንዳው ላይ ሽንኩርት እየመዘኑ ነበር። አዴ መኪያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ያን ልጅ እቤቱ ያስገባሁት እኔ ነኝ አለችኝና የእትዬ አስካለን ጣት ታሪክ ያን ጊዜ ነገረችኝ። እነ ታምራት በጠፉበት አገር ሺንጂ ሞቶ ቢገኝ ምን ብዬ አወራላታለሁ አለች። ሳታውቀው መቀጠል ደግሞ ከእንግዲህ አልቻለችም፤ እውነተኛው ሺንጂ የሆነ ቦታ እየኖረ ነዋ።

እኔ በዚያ ጊዜ የግማሽ አሰላን ፍላሽ በፊልም የሞላሁ ሰው ነኝ። ቀላል መሰለኝ። በማግስቱ ታሪኩን አንድ ሰው ገጽ በገጽ ገልብጦ፣ በእንግሊዝኛ ተርጉሞ፣ በነጻ የለቀቀውን አውርጄ በኩራት ፊቷ ዘረጋሁት።

«ማን ሰጠህ?»

«ማንም። ኢንተርኔት ላይ ወድቆ ነው።»

«ባለቤቱ ነው የጣለው?»

«ባለቤቱማ ጃፓን ነው፣ አዴ።»

«ጃፓን ከሆነ ባለቤት አይደለም?»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ወገቧን ይዛ ከማሽኑ ተነሳችና ጀርባዋን አዞረችልኝ፤ ከስፌት ብዛት ትከሻዋ መሃል የወጣውን ጉብታ በአውራ ጣቷ አሳየችኝ።

«ይሄን የሚስለውም ሰው እዚህ ጋ እንዲህ ነው የሚሆነው። ጎብጦ የሠራውን ከጀርባው አልወስድበትም። ኦዱ ደግሞ ከባለቤቱ አፍ ነው የሚሰማው። ሌባ የነገረኝን ይዤ አስካለ ፊት ልቀመጥ?»

ስለዚህ ልንገዛ ተነሳን። ከአሰላ ሆኖ የጃፓን መጽሔት በወጉ መግዛት ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። መደብሩ አልሸጥላችሁም አላለም፤ በሩ ክፍት ነው። መዝገቡ ስሟን በነሱ ፊደል ጠየቀ፤ እኔን ገፍታ ራሷ በጣቷ ጻፈችው፣ ሜ፣ ኪ፣ ያ። ተቀበላት። ቀና ብላ አየችኝ፣ ቪዛ እንደተመታላት ሰው። የልደት ቀን ሲጠይቅ፣ በቆጂ ላይ ውርጭ ገብሱን የጨረሰው ዓመት ነው አለችኝ፤ እኔ በግምት አንድ ቀን ሞላሁ፣ አስረጀኸኝ ብላ ተቆጣች። ክፍያው ላይ ስንደርስ ግን ቀይ ጽሑፍ መጣ። የባንክ ካርዷን አልተቀበለም። የእኔንም አልተቀበለም። ባንክ ሄጄ ስጠይቅ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ለተጓዥ ነው የሚሰጠው ተባልኩ።

«የምጓዘው በሃና አውቶቡስ ነው በላቸው» አለች።

የሰው ካርድ ቁጥር እናግኝልሽ ያላት አንድ ደላላ ነበር። ልክህን ሳልወስድ ሱሪ እሰፋልሃለሁ ብላ መቀሷን ስታነሳ ወጣ።

መፍትሔው ከጅዳ መጣ። የእህቷ ልጅ ዘሃራ እዚያ ትሠራለች፣ የራሷ ካርድ አላት። መደብሩ ለሌላ ሰው በስጦታ የሚላክ ኮድ እንደሚሸጥ ተረዳሁ፤ ዘሃራ በካርዷ ኮዱን ትገዛለች፣ በስልክ ትልክልናለች፣ እኛ መደብሩ ላይ እንጽፈዋለን፣ መጽሐፉ ይከፈታል። ሁሉም በሕጉ። ዘሃራ መጀመሪያ በስልክ ስቃ ልትሞት ነበር። አክስቴ፣ ሰው ዘምዘም ይላክልኝ ይላል፣ አንቺ የልጆች ሥዕል? አለቻት። አዴ መኪያ በነጻ አልፈልግም አለች። ለአንድ ቅጽ አንድ ድሪያ፣ ያን ሰፊ የሴት ቀሚስ፣ ትሰፋላታለች፤ ዑምራ የሚሄድ ሰው ጅዳ ያደርስላታል። እንዲያ ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ አሰላ ውስጥ ለዑምራ የሚነሳ ሰው በአዴ መኪያ ሱቅ ሳያልፍ አይሄድም ነበር፤ ምን እንደሚያደርስ የገባው ግን ጥቂት ነው። ፈሪሃ አላህ ያላቸው ሽማግሌዎች የሃናን የአውቶቡስ ቲኬት ሻንጣቸው ውስጥ አጣጥፈው ቀይ ባሕርን ተሻገሩ።

የመጀመሪያው ቅጽ የወረደው በቀትር ነው፣ ኔትወርኩ ሲሻለው። ክቧ ዞረች፣ ዞረች፣ ቆመች፣ እንደገና ዞረች። ወሬው ተሰምቶ ስለነበር ሱቁ ሞልቷል። እትዬ አስካለ ሽንኩርታቸውን ትተው የሽንኩርት ጆንያ ላይ ከማሽኑ አጠገብ ተቀምጠዋል። አዴ መኪያ ታብሌቴን ማሽኑ ላይ አስደግፋ ገጹን ወደ ቀኝ ገፋችው፤ እዚያም ነገሩ ተቃራኒ ነው።

መጀመሪያ ላይ ያለው ያው ማዕድ ነው። ያው በር። ያው በረዶ።

የሚከተለውን ከሷና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም ብዬ ነበር። ቀስ ብሎ ፔዳሉ ሲነሳ ሰማሁ፣ ጥክ፣ ጥክ። ሊያመልጥ የተዘጋጀ ሰው እርምጃ ነበር። ከዚያ ቆመ። ዓይኗ ታብሌቱ ላይ እንዳለ፣ አስካለ፣ ከባለቤቱ ባልገዛው ኖሮ እንዲህ አልቸገርም ነበር አለች፤ ማንም ግን ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባውም። ጣቷን ከቀኝ አስቀመጠች።

«ሺንጂ ከማዕድ ተነሳ» ብላ አነበበች። «በሩን ከፈተ። ሄደ።»

ከመንገድ ማዶ የመጣው ባለ ወፍጮ፣ አግብቶ የለም እንዴ አለ። እትዬ አስካለ ጭናቸው ላይ ያለውን የሽንኩርት ልጣጭ አራገፉ። ወደ ፔዳሉ ዝቅ ብለው አዩ።

«ዛሬ እግርሽ ቆሟል፣ መኪ» አሉ። «ስታነቢ ይቆማል። ከራስሽ ስታመጪልኝ ይሮጣል። ይሄን ሁሉ ዓመት ስሰማው ነው የኖርኩት።»

አዴ መኪያ ቀና አለች።

«ይሄን ባለስልክ ልጅ ጣቱን ይዘሽ ወደ ቀኝ ስትወስጂው እኔ ዓይን የለኝም?» አሉ እትዬ አስካለ። «አውቄ ነው የተቀመጥኩት። ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ቀጥዪ።»

ያን ቀን አዴ መኪያ ስታለቅስና ስትስቅ አንድ ላይ አየሁ። በየትኛው እንደጀመረች ልነግራችሁ አልችልም፤ ከቀኝም ከግራም ቢነበብ ያው ነው።

ገበያው ግን በቀላሉ አልለቀቃትም። የሺንጂ ሠርግ መሰረዙ ሲሰማ ቅሬታ በዛ። ቆርቆሮውስ የሚሉ ነበሩ። ባለ ወፍጮው ለሕፃኑ ስም አውጥቶለት ስለነበር በጣም ተከፋ። አዴ መኪያ ሁሉንም በአንድ መልስ ትመልሳለች፦ ያ የኔ ሺንጂ ነው፣ ይሄ የባለቤቱ ነው፤ የኔው ደህና ነው፣ ሰላም ብሏችኋል።

ድሪያው ወደ ጅዳ፣ ቅጹ ወደ አሰላ መመላለሱን ቀጠለ። አንድ ቀን በንባብ መሃል የእትዬ አስካለ ስልክ ጮኸ። ቁጥሩ ረጅም ነው። ሽንኩርት ፈላጊ መስሏቸው «አልቋል» ብለው ሊዘጉ ሲሉ «እማዬ» የሚል ድምፅ ሰሙ። ታምራት ነበር። ስልኩን ተዘርፎ ቁጥሩ ሁሉ ጠፍቶበት፣ ከአገሩ የሄደ አንድ ልጅ አግኝቶ ከሱ ነው የእናቱን ቁጥር ያገኘው። እናትና ልጅ ተላቀሱ። አዴ መኪያ ትንሽ ታገሰች፤ ብዙ ግን አይሆንላትም። ስልኩን ተቀበለችና ድምፁን ለሁላችን ከፈተችው።

«ታምራት፣ ኦዱ! ከሞያሌ ጀምር።»

ልጁ ደህና ነኝ ሊል ሞከረ። ከመሃል አይጀመርም አለችው። ምን ያድርግ፣ ጀመረ፤ ሞያሌን፣ ናይሮቢን፣ የጫነቻቸውን መኪና፣ የታንዛኒያን ዝናብ። እኛ «ኤ… ኤ…» እያልን ተቀበልነው። ሂሳቡ ማላዊ ሳይገባ አለቀ። ሱቁ በሳቅ ፈረሰ፤ እትዬ አስካለ እንባቸው ሳይደርቅ ይስቃሉ። አዴ መኪያ ስልኩን መለሰችላቸውና ታብሌቱን አየችው፣ እንደተቀደመ ሰው።

«ያንቺው ቀደመ» አለቻቸው። «የኔው ገና በረዶ ላይ ነው።»

ቅጹን ሁሉ ጨርሰን ወቅታዊው መጽሔት ላይ ደረስን፤ ከዚያ በኋላ እኛም እንደ ጃፓኖቹ በወር በወር መጠበቅ ጀመርን። ሃና ፀጉሯ መሸበት ጀምሯል። ሺንጂ አልመጣም። ትራሱ እንዳለ ነው። መጨረሻ ላይ አዴ መኪያ ታማ ቤት ስትውል መጽሔቱን አልጋዋ አጠገብ ሄጄ እከፍትላት ነበር። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ፣ ሺንጂ ይመጣል ብለሽ ታስቢያለሽ አልኳት።

«ይመጣል» አለች። «አሁን ግን እኔ አላመጣውም።» ወዲያው ትከሻዬን አየችና ግራው ተስተካክሏል አለችኝ። አልተስተካከለም ነበር።

አዳማ የምትኖረው ልጇ ሱቁን አልዘጋችውም። ቁልፉን ለእትዬ አስካለ ሰጠቻቸው፤ ሽንኩርት ያስቀምጡበታል። ማሽኑ ቦታው ላይ ነው። ዘሃራም ኮዱን መላክ አላቆመችም። ድሪያው ቀርቷል አልናት። ገና ያልለበስኩት አለ፣ ይልቅ ሃና ምን ሆነች አለች። እሷም ታሪኩ ውስጥ ሰምጣለች።

ዛሬ መልእክቱ ሲመጣ ሱቄን ገርበብ አድርጌ ወደ አዴ መኪያ ሱቅ ተሻገርኩ። እትዬ አስካለ ጆንያቸው ላይ ነበሩ። ሌላው መቀመጫ ሁሉ ሽንኩርት ይዟል፤ የቀረው የማሽኑ ወንበር ነው፣ እሱ ላይ ተቀመጥኩ። ታብሌቱን አስደግፌ ከፈትኩ።

«ኦዱ?» አሉ። የኦሮምኛው ወግ ከሷ ተጋብቶባቸዋል።

«ሰላም ነው። በረዶው በርትቷል። ሃና የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ናት።»

«ኤ።»

ጣቴን ከቀኝ አስቀምጬ እያነበብኩ ሄድኩ። ከጨለማው አንድ ሰው ወጥቶ ተሳፈረ። ኮፍያው በረዶ ጠጥቷል። ማንንም ሳያናግር ወደ ኋላ አለፈ። ወንበሯ ጋ ደረሰ። ትራሱን አነሳው፣ ጭኑ ላይ አደረገው፣ ተቀመጠ። ሠዓሊው ከጀርባው ነው የሳለው፤ ፊቱ የለም። ሃና በመስታወቱ አየችው። አፏ አጠገብ አንድ ቃል ተጽፏል። ፊደሉን ለቀምኩት፣ አዴ መኪያ ያስተማረችኝ ነው። ቃሉን ግን አላውቀውም። ገጹን ወደ ቀኝ ገፋሁት። አልቋል፤ ለወር ነው።

«ማን ነው?» አሉ እትዬ አስካለ። እጃቸው ሽንኩርቱ ላይ ቆሟል።

«ሃና…» አልኩ፣ «ሃና በመስታወቱ አየችውና… እጇ መሪው ላይ…»

ከሥሬ ድምፅ ሰማሁ። ጥክ፣ ጥክ፣ ጥክ። እግሬ ነው። መች እንደጀመረ አላውቅም። እትዬ አስካለም ሰምተውታል፤ ወደ ፔዳሉ ዝቅ ብለው አዩ፣ ቀጥለው እኔን አዩኝ።

«ላቁመው?» አልኳቸው።

ሽንኩርታቸውን መላጥ ጀመሩ።

«ተወው» አሉ፣ ፈገግ ብለው። «ለዛሬ ትንሽ ስፋ።»